ማን ይርሳው?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይባል እንጂ፣ በአዊ ገጠር ስም የሚያወጡት እናቶችና አያቶች ናቸው፤ መልአኩ ቢመጣም ከእነሱ ጋር ተከራክሮ አይረታም። ያዘነች ሐዘኗን፣ የተቀየመች ቂሟን፣ ጎረቤቷን መሸንቆጥ ያማራት ነገሯን በልጇ ስም ላይ ትቋጥራለች። ልጁ ደግሞ ያንን የሰው መልእክት ተሸክሞ ዕድሜ ልኩን ይዞራል።

ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ከሰል እያከሰለ የሚኖረው ይርሳው እንዲህ ያለ መልእክት ተሸካሚ ነበር፤ ግን አላወቀም። ሠላሳ ዓመት ሲያልፈው እንኳ ስሙን የሚጋራ ሰው ገጥሞት አያውቅም። ተማሪ ሳለ የቤት ሥራ ሳይሠራ በሄደ ቁጥር መምህሩ "ስምህ ነው፣ አንተ ምን ታደርግ!" እያሉ ክፍሉን ያስቁበት ነበር። እናቱን እታለማሁን ትርጉሙን ሲጠይቃት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው።

"ካንተ በፊት ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ፤ አባትህንም ገና በሆዴ ሳለህ ቆላ ወርዶ ወባ በላብኝ። አንተን እንኳ ሞት ይርሳው ብዬ ነው።"

ይህን መልስ ወደደው። ሞት የረሳው ሰው መሆንን ማን ይጠላል?

ዘንድሮ ሚስቱ ውዴ የበኩር ልጁን ወለደችለት፤ ወንድ። የክርስትና ስሙን ቄሱ ይሰጡታል፤ መጠሪያውን የምታወጣው ግን አያቱ እታለማሁ ናት፤ እሷም "አስብበታለሁ" ብላ አፏን ዘግታለች። ይርሳው የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጁ ማንም የማያሾፍበት፣ ከጀርባው ምንም ነገር የሌለበት ስም እንዲኖረው። ይህችን ያህል መመኘት ብዙ አልነበረም።

ለክርስትናው ድግስ በርበሬ ሊገዛ ጫግኒ ወረደ። ሲመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ወንድ ልጅ ታቅፋ አጠገቡ ተቀመጠች። መኪናው ዳገቱን ሲያያዘው ልጁ በመስኮት ሊንጠለጠል ተነሣ።

"ይርሳው! አርፈህ ተቀመጥ!" ብላ ጮኸች።

አርፎ የተቀመጠው ትልቁ ይርሳው ነው። ሳቁ መጣበት።

"ስሙ ይርሳው ነው እንዴ? እምብዛም የማይሰማ ስም ነው።"

"ኧረ ተወኝ! እኛ መንደር መጥተህ ይርሳው ብለህ ብትጣራ ከየቤቱ አንዳንድ ይወጣልሃል።"

ሴትዮዋ ስሜነሽ ትባላለች፤ ጨዋታ ስትጀምር መንገድ የሚያጥርባት ዓይነት ሴት ናት። ከየት የመጣ ስም ነው ቢላት ሳታመነታ አወራችው። የባሏ አባት፣ አባ ሀብቱ፣ በጉልምስናቸው በግጦሽ ድንበር ተጣልተው ሰው ገድለዋል። ታስረው ተፈቱ፤ ሽማግሌ ገብቶም ታረቁ። የሟቹ ሚስት ግን ባሏ ሲገደል እርጉዝ ነበረች።

"ወንድ ወለደች። ስሙንም ይርሳው አለችው ሲባል ተሰማ፤ ከዚያ ልጇን ይዛ ጠፋች፤ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። የኛ ሰዎችም እናቲቱ እንዲህ ካለች እኛም አሜን እንበል ብለው፣ ወንድ በተወለደ ቁጥር ይርሳው ይሉታል። ያ ልጅ ደሙን ይርሳው ማለታችን ነው። ምን እናድርግ? እስከዛሬ በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ይሆን እያልን ነው የምንኖር።"

"የሟቹ ስም ማን ነበር?"

"አንዳርጋቸው።"

ይርሳው የበርበሬውን ከረጢት አፍ በእጁ ጨብጦ ያዘ። የአባቱ ስም ነው። ሚኒባሱ ውስጥ የሚጮኸው ዘፈን ከሩቅ የሚመጣ መሰለው።

"አንተስ፣ ስምህ ማን ነው?" አለችው።

"ምስጋናው" አላት። ስሙን ሲክድ የመጀመሪያው ነበር።

እንግዲህ ሞኝነት ማለት ይህ ነው። ሰው ያላወቀውን አይረሳም። ይርሳው ምንም ሳያውቅ ከሰሉን እየሸጠ በሰላም ይኖር ነበር፤ እርሳው ብለው ሲማጸኑ እነሱው ነገሩት።

ቤቱ ሲገባ እታለማሁ ምስር ትለቅማለች።

"አባቴን የገደለው ወባ ነው?"

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። መጀመሪያ በአዊኛ ለራሷ የሆነ ነገር አለች፤ በአማርኛ ስትመለስ ድምፅዋ የሌላ ሴት ድምፅ ነበር።

"ማን ነገረህ?"

"የገዳዩ የልጅ ሚስት።"

"አጎቶችህ ጡቴን ሳትጥል ጠመንጃ ሊያስጨብጡህ ነበር፤ ይዤህ ጠፋሁ። ደሙን ይርሳው ብዬ ነው ስምህን ያወጣሁት። ልጄ፣ አሁንም እርሳው።"

"ምኑን ልርሳው እናቴ? ገና አሁን መስማቴ ነው!"

"በጠባኸው ጡቴ ይዤሃለሁ!"

ከዚያ በኋላ ሰው በቤቱ እያለ ሲጠፋ ታየ። ውዴ ስታናግረው ቀና አይልም። ሕፃኑን ሲሰጡት ይቀበልና ፊቱን ሲያየው ቆይቶ መልሶ ይሰጣል። ከሰሉን እንኳ ረሳው። የከሰል ክምር አፈሩ በተሸነቆረ ቁጥር እየዞሩ ካልደፈኑት አየር ይገባውና ይነዳል፤ የይርሳው ክምርም ተሸንቁሮ ነደደና ያን ሁሉ ግራር ዐመድ አደረገው። ጎረቤቶቹ እሱ ይህን ሲስት አይተው አያውቁምና ፈሩ።

ክርስትናው ሊደርስ ሲል መጥረቢያውን በትከሻው አድርጎ ወጣ።

"ክርስትናው እሑድ እኮ ነው" አለችው ውዴ፤ ዓይኗ መጥረቢያው ላይ ነበር።

"እደርሳለሁ።"

ቁልቁል ወርዶ መንደሩን አጠያይቆ አገኘው። ምን ሊያደርግ እንደሄደ ቢጠይቁት በቅጡ የሚመልስ አይመስለኝም፤ እግሩ ግን ያውቅ ነበር። አባ ሀብቱ ከደጃቸው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጋቢ የለበሱ፣ ጉልበታቸው የሾለ ሽማግሌ ናቸው።

"ደህና ዋሉ" አለ ይርሳው። የአባቱን ገዳይ አንቱ ማለቱ ራሱን አናደደው።

"እግዜር ይመስገን። ይርሳው ነህ?"

ክው አለ። "አዎ፣ ይርሳው ነኝ።"

"የትኛው ይርሳው?"

"የአንዳርጋቸው ልጅ።"

ሽማግሌው ግንባራቸውን አኮማትረው አሰቡ። "አንዳርጋቸው... አንዳርጋቸው..." አሉና ፈገግ አሉ። "አባትህ ደህና ነው?"

ስሜነሽ ድምፅ ሰምታ ወጣች። የሚኒባሱን ሰው አየች፤ መጥረቢያውን አየች፤ ነገሩ ገባት። በሩን ይዛ ቆመች።

"አያስታውሱም" አለች። "ከዓምና ወዲያ የልጃቸውን ስም እንኳ አያውቁም፤ ያገኙትን ሁሉ ይርሳው ነው የሚሉት። በእመቤቴ፣ የሚያውቁት ነገር የለም።"

አባ ሀብቱ ግን እጃቸውን ዘርግተው መጥረቢያውን ከትከሻው አወረዱት፤ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት።

"ዶልዱሟል ልጄ" አሉት በአባት አንደበት። "ሳለው እንጂ፣ በዚህ ምን ይቆረጣል?"

ይርሳው መጥረቢያውን ተቀበለና ተመለሰ። የመንደሩ ጸሎት ደርሶ ነበር፤ የደረሰው ግን ለተበዳዩ ሳይሆን ለበዳዩ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ያሉት አባቶች ይህን ያዩ ይሆናሉ።

እታለማሁ በር ላይ ጠበቀችው። መጀመሪያ ያየችው መጥረቢያውን ነው፣ ከዚያ እጁን።

"ምን አደረግህ?"

"ምንም። ሰውየው አርጅቷል። ረስቶታል።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም። የአባቴን ስም ብነግረው፣ ደህና ነው ወይ አለኝ።"

ተመስገን ትላለች ብሎ ጠብቆ ነበር። ይርሳው፣ ይርሳው እያለች ያረጀች ሴት ናትና። እሷ ግን ወለሉ ላይ ተቀመጠች። "እሱ? እሱ ነው የሚረሳው?" አለች። ነጠላዋን አውርዳ ወገቧን አሰረች፤ ገና ዛሬ እንደ ተረዳች ሁሉ እንባዋ መጣ። ሠላሳ ዓመት ያልወጣላት ልቅሶ ነበር፤ ይርሳውም ከእሷ ጋር አለቀሰ፣ እና አበቃ ብሎ አሰበ።

እሑድ ክርስትናው ሆነ። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ። የልጁን ስም ቢጠይቁ ይርሳው ቀለል ብሎት "አያቱ ትንገራችሁ" አለ።

እታለማሁ ሕፃኑን ከውዴ ተቀብላ ደረቷ ላይ አደረገችው። ዓይኗ ደርቋል።

"ደመላሽ" አለች።

ይርሳው ተነሥቶ ልጁን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም።