ለአጎቴ ጠመንጃ ቀለበት ይዤ ወደ አሰላ

ማለዳ ከአዲስ አበባ ስነሳ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ ይልቅ የከበደው ሁለት የብረት ቀለበትና አንድ መቀመጫ ነበር። የማነጣጠሪያ መነጽርን ጠመንጃ ላይ የሚያስሩት እነዚህ ናቸው። አጎቴ ጋሼ ወንድሙ ከአሰላ በላይ፣ ጭላሎ ግርጌ ገብስ ያርሳሉ። ማሳ የሚያጠፋውን ከርከሮ እንዲያድኑ ወረዳው የፈቀደው ለእሳቸውና ለጎረቤታቸው ለጣሂር ሲሆን፣ ጠመንጃው የአጎቴ ነው።

በቅርቡ አጎቴ ደጋግመው ሳቱ፤ በመጨረሻም አንዱን አቁስለው ለቀቁት። የቆሰለ ከርከሮ ሰው ይጥላል፤ ሰፈሩ ውኃ ለመቅዳት እንኳ ፈራ። ደውለው፣ "ዓይኔ ነው ወይስ መነጽሩ? ዓይኔ ከሆነ ጠመንጃውን አስረክባለሁ" አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን የመንደሩ ተኳሽ ለነበሩ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀለበቱን ያገኘሁት አዳኞችን ከሚያጅብ ወዳጄ ነው። አንዱ ዓይነት ያብለጨልጫል፣ ሌላው ጥቁርና ደብዛዛ ነው። እጄ ወደሚያብለጨልጨው ሲሄድ ሳቀና፣ "እስኪ ብሎኑን አጥብቀው" አለኝ። ትንሽ ጠንከር ሳደርገው ጥርሱ ተበላ። ጥቁሩ ግን ባጠብቀውም ብፈታውም ምንም አልሆነ። "መቀመጫውም ጠመንጃው ላይ ልክክ ብሎ ካልተኛ ቀለበቱ ወርቅ ቢሆን ዋጋ የለውም" ሲለኝ፣ አጎቴ የላኩትን የጠመንጃውን ፎቶ አሳይቼ የሚገጥመውን መረጥን።

ኢተያ

ከአዳማ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ኢተያ ላይ ሚኒባሱ ለምሳ ቆመ። ስንዴው ከአስፋልቱ ጫፍ ይጀምርና ዓይን እስኪደክም ይሄዳል። የበላሁት ጥብስ ዋጋው የአዲስ አበባን ግማሽ አይሞላም፤ ሥጋው ግን ይበልጣል።

አሰላ

ካቻቢቴና በጠርሙስ ትንሽ ቤንዚን ገዝቼ ባጃጅ ያዝኩ።

"ሞተር ልትፈታ ነው እንዴ?" አለኝ ሾፌሩ።

"የጠመንጃ መነጽር ላስር ነው።"

"ጋሼ ወንድሙ ቤት ነዋ! ያ ከርከሮ እኮ እዚህ ድረስ ተወርቶለታል።"

ጭላሎ ግርጌ

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አይተን መነጽሩን ስፈታ ጉዱ ወጣ። የድሮው ቀለበት ለመነጽሩ ሰፍቶ ኖሮ፣ አጎቴ ከጎሚስታ ባመጡት አሮጌ የመኪና የውስጥ ጎማ፣ በከመነዳሪ፣ ጠቅልለው አስረውታል።

"እንዳይጫጭረው ብዬ ነው። ደግሞስ ጎማ የማይዘው ምን አለ?" አሉ።

እውነት ነው፤ እዚህ አገር ጎማ በሩንም ጋሪውንም ይይዛል። ተኩስ ላይ ግን ይለጠጣል፣ መነጽሩም በየጥይቱ ትንሽ ይሸሻል። በጣም ደስ አለኝ፤ ዓይናቸው አይደለማ።

የብሎኖቹን ቀዳዳ ከዘይት በቤንዚን አጸዳን። መቀመጫውን አስተኝተን፣ መነጽሩን በአዲሶቹ ቀለበቶች ይዘን፣ ብሎኖቹን እንደ መኪና ጎማ ከዚህም ከዚያም እያፈራረቅን አጠበቅን። ከዚያ ከገደሉ ሥር ካርቶን ተከልን።

መጀመሪያ ሊያግዘን የመጣው ጣሂር ተኮሰ። ቀዳዳዎቹ ከመሐል ራቅ ቢሉም አንድ ላይ ነበሩ፤ መዳፌ ሸፈናቸው። መነጽሩን አስተካክለን አጎቴ ሊተኩሱ በደረታቸው ተኙ። አንዱ ጥይት ከመሐሉ በላይ፣ አንዱ በታች መታ፤ ሦስተኛው ካርቶኑንም አላገኘው። ጣሂር ደግሞ ቢተኩስ መሐሉን በሳው።

"ምናልባት ቀለበቱ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ተው ልጄ፣ ቀለበቱ አልተነቃነቀም" አሉ አጎቴ። ጠመንጃውን ባዶ አድርገው ለጣሂር ዘረጉለት። "ነገ ወረዳ ሄደን በስምህ እናዛውረዋለን።"

ጣሂር እጁን አልዘረጋም። "ኤ ጋሼ፣ ከርከሮው በየት እንደሚወጣ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ዋላሂ፣ ብቻዬን ጫካ አልገባም።"

አጎቴ ወደ ጫካው ዞሩ። "እሱንማ ዓይኔን ጨፍኜም አገኘዋለሁ" አሉ።

በማግስቱ ስሰናበታቸው ያቺን ከመነዳሪ ከዘራቸው መያዣ ላይ ጠቅልለዋት ነበር።

አዲስ አበባ

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አሰብኩት። የሄድኩት የአጎቴ ዓይን እንዳልደከመ ላሳያቸው ነበር፤ የወሰድኩላቸው ግን ማመካኛ የማያስተርፍ ዕቃ ነው። ጥሩ ቀለበት ለማንም አያደላም።

ከቀናት በኋላ ስልኬ ጮኸ። "ያን የቆሰለውን ከርከሮ ጣሂር በአንድ ጥይት ጣለው" አሉኝ አጎቴ። ከዚያም ጨመሩ፤ "የቱ ቁጥቋጦ ሥር እንዳለ ያሳየሁት ግን እኔ ነኝ።"