ወፍጮ ሲነሳ የሚሞቅ ሻወር

ሰውዬው ጀልባውን ሐይቁ መሃል አቁሞ ሞተሩን አላጠፋም። ከጀልባው ጎን አንድ ቱቦ ይወጣል፤ ከቱቦው ጫፍ የሚተን ውሃ ይፈስሳል፤ እሱ በቁምጣ ቆሞ ራሱን በሳሙና ያሻል። ጀልባዋ ሰው ከኋላዋ ገመድ ይዞ ውሃ ላይ የሚንሸራተትባት ዓይነት ነች። ይህን ቪዲዮ በስልኬ ደጋግሜ ያየሁት ሚዛን ተፈሪ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው። ጀልባ የለኝም። በአካባቢያችን እንዲህ ያለ ጀልባ የሚያስሮጥ ሐይቅም አላውቅም። ያሉኝ አማቴ ናቸው።

አማቴ ከማሻ የመጡት ባለፈው ዓመት ነው። ጓሯቸው ውስጥ ጭቃ አንሸራቷቸው ወድቀው፣ ጎረቤት እስኪያገኛቸው ድረስ ብዙ ቆይተዋል። ከባለቤቴ በቀር ልጅ ስለሌላቸው እሷ ሄዳ አመጣቻቸው። እሳቸው ግን የመጡት "ለጊዜው" ብለው ነው። ይህን ቃል በሬዲዮ ጋዜጠኝነት ሥራዬ ከብዙ ኃላፊዎች አፍ ስለሰማሁት አላሳሰበኝም ነበር፤ መብራት ለጊዜው ይቋረጣል፣ መንገድ ለጊዜው ይዘጋል፣ እኛም ለምደነው እንኖራለን። አማቴ ግን የተናገሩትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ባለ ዚፕ የላስቲክ ቦርሳቸውን ከነልብሱ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ሰቀሉት። ባለቤቴ በቁም ሳጥኑ ውስጥ ያስለቀቀችላቸው መደርደሪያ ባዶውን ቀረ።

ችግሩ ውሃ ነበር። ማሻ ከሚዛን የበለጠ ይበርዳል፤ እዚያ ግን ማገዶው ከደጃቸው ነው፤ ጠዋት ጠዋት በትልቅ ድስት አሙቀው በገዛ እጃቸው ይታጠቡ ነበር። እኛ የምናበስለው በኤሌክትሪክና በከሰል ነው። የክረምቱ የቧንቧ ውሃ ደግሞ ቁርጥማት ያለበትን ጉልበት አይምርም። ባለቤቴ መምህርት ናት፤ ሥራ ከመግባቷ በፊት በከሰል ውሃ ልታሞቅላቸው ትነሳለች። "ተይው፣ ተማሪዎችሽ ይጠብቁሻል" ይሏትና በቀዝቃዛው ይታጠባሉ። ከዚያ ጉልበታቸውን በጋቢ ጠቅልለው ይውላሉ። ሲጠየቁ ደህና ናቸው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሻወር ከገበያ ገዝቼ ገጥሜ ነበር። መብራት ሲኖር ይነዝራል፤ መብራት ሲጠፋ አይነዝርም። አማቴ ሁለተኛውን መረጡ።

"ሰው እየተሸከመኝ መኖር አልለመድኩም" አሉኝ አንድ ቀን። "ዝናቡ ሲያባራ ቤቴ እገባለሁ።"

ባለቤቴ ይህን ከወጥ ቤት ሆና ሰማች። "ብቻዋን ዳግመኛ ብትወድቅስ?" አለችኝ በኋላ። "አንድ ነገር አድርግ።" ጋዜጠኛ አንድ ነገር አድርግ ሲባል የሚያደርገው መረጃ መሰብሰብ ነው። ጀልባዋን ያገኘኋት በዚህ ሁኔታ ነው።

የጀልባዋ ነገር ሲመረመር ቀላል ነው። ሞተር ይግላል፤ እንዳይቃጠል ውሃ እየዞረ ያቀዘቅዘዋል፤ ሰውዬው መባከን የነበረበትን ሙቀት ገላው ላይ አፈሰሰው። ሞተር ደግሞ ከአጥራችን ማዶ አለ። ጎረቤታችን ባለ ወፍጮ ነው። ከናፍጣ ሞተሩ ጎን ማቀዝቀዣ ውሃ የሞላ በርሜል ቆሟል፤ ወፍጮው ሲነሳ በርሜሉ እንደተጣደ ጀበና ይተናል። ያንን እንፋሎት ለዓመታት አይቼዋለሁ፤ ዜና አልመሰለኝም።

ጎረቤቴ እዚሁ የተወለደ ቤንች ነው። ሳምንቱን ሙሉ በወፍጮው ላይ እየጮኸ ስለሚያወራ፣ እሁድ ጸሎት ቤት ውስጥም ድምፁን መቀነስ አይችልም። ቪዲዮውን አሳየሁት።

"ይሄ ሰውዬ ቤት የለውም?" አለኝ።

"ሳይኖረው አይቀርም።"

"ታዲያ ውሃ ላይ ምን አንከራተተው?"

"ሞተሩን እየው።"

አየው። ቀጥሎ በርሜሉን አየ፤ ከዚያ እኔን። "ገባኝ። እማማን በእኔ በርሜል ልትቀቅላቸው ነው።"

"ውሃው አይገናኝም። ቱቦ ተጠምጥሞ በርሜልህ ውስጥ ይገባል፤ ንጹሕ ውሃ በቱቦው ውስጥ አልፎ ሞቆ ይወጣል።"

"በርሜሌን ልትበሳው?"

"በአፉ ነው የሚገባው።"

"እሺ፣ ሞክረው" አለ። "ካልሞቀ ግን በሬዲዮ ማስተባበያ ታወጣለህ።"

የመዳብ ቱቦ ከፍሪጅ ጠጋኝ አገኘሁ። የጣሪያችንን ዝናብ በአሸንዳ ወደ ታንከር መለስኩና ታንከሩን ውሃው በራሱ እንዲወርድ በእንጨት ቆጥ ላይ አስቀመጥኩት። ለመርጫ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ በምስማር በሳሳሁ። መጀመሪያ ጥምጥሙን ከበርሜሉ ሥር ከተትነው፤ ውሃው እንደገባ ሆኖ ወጣ። ሙቁ ውሃ ከላይ እንደሚንሳፈፍ ሁለታችንም በትምህርት ቤት ተምረናል፤ ለማስታወስ ግን ግማሽ ቀን በቆሎ ማስፈጨት ነበረብን።

ቱቦው ሲረዝም ውሃው መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ መታጠቢያ ክፍሉን ከወፍጮ ቤቱ ጋር አጋጥሜ በቆርቆሮ ሠራሁትና ቱቦው የሚያልፍበትን ቀዳዳ በግድግዳው ከፈትን። ስለ ርዝመቱ አስቤያለሁ። ስለ ተዳፋቱም፣ ስለ ሙቀቱም አስቤያለሁ። ያላሰብኩት አዲስ ዓመት መድረሱን ነው።

አማቴ ፎጣቸውን ይዘው ገቡ። ባለቤቴና እኔ ውጭ ቆምን። ከግድግዳው ማዶ ባለ ወፍጮው "እማማ፣ ሞቀ ወይ?" እያለ ይጮሃል።

"ሞቋል፣ ተባረክ" አሉ ከውስጥ። ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። ከዚያ አንድ ማስነጠስ መጣ። ቀጥሎ ሌላ፤ ከዚያ መቁጠር አስቸገረ። ባለ ወፍጮው በቆሎውን ጨርሶ የተረኛዋን ሴት በርበሬ መፍጨት ጀምሯል። የበዓል ሰሞን የማይፈጨው ነገር የለም፤ ያ ሁሉ ብናኝ ደግሞ የከፈትኩለትን ቀዳዳ አግኝቷል።

አማቴ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው፣ ዓይናቸው ቀልቶ ወጡ። ቆም ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ ውሃው ሞቋል፤ በርበሬውም ገብቷል" አሉ። "ሽንኩርቱን መቼ ነው የምትጨምረው?"

ባለቤቴ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። ቦርሳው ግን ምስማሩ ላይ ነበር።

በቱቦው ዙሪያ የቀረውን ቀዳዳ በሲሚንቶ ደፈንኩት። ሲሚንቶ የማይደፍነው ሌላ ጉድለት ቀረ። በሥራዬ ከሁለት ምንጭ ያላረጋገጥኩትን አልዘግብም፤ የዚህ ሙቅ ውሃ ምንጭ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የሚነሳው ሰው እህል ሲያመጣ ነው። የጀልባው ሰውዬ መታጠብ ሲያምረው ቁልፍ ያዞራል። አማቴ መታጠብ ሲያምራቸው የሰፈሩ ሰው ዱቄት ማለቅ አለበት።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አጥሩን ዞረው ወፍጮ ቤት ብቅ ማለት ጀመሩ። "ዛሬ የሚያስፈጭ አለ?" ይላሉ። ካለ ምን እንደሚፈጭ ያጣራሉ፤ በርበሬ ከሆነ፣ ሲሚንቶዬን ስለማያምኑት፣ እስኪያልቅ ይቆያሉ። ከሌለ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ለእኔ እንደሚመስለኝ ጥሩ ዘጋቢ ይወጣቸው ነበር። በማን ቤት ዱቄት እንዳለቀ ከባለቤቶቹ ቀድመው ያውቃሉ፤ በመንገድ የምታልፈውን ሁሉ "የነገውን ዛሬ አታስፈጪውም?" ይሏታል።

ሴቶቹ ነገሩን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል እንዲህ ሲባል ሰማሁ፦

"እማማ፣ ዛሬ እግርዎን ነው ወይስ ገላዎን?"

"ጸጉሬንም ነው።"

"እንግዲያው ማሽላውን ልጨምር። ይሄ በቆሎ ጸጉር ድረስ አያደርስም።"

"ጨምሪ፣ የኔ ልጅ። ሳትነፊው ግን እንዳታስፈጪ፣ ጠጠር አለው።"

እየዋሉ ሲሄዱ ወረፋ ያስከብሩ ጀመር። ሰላምታውን በቤንችኛ ተማሩ፤ ሲሳሳቱ ሴቶቹ ይስቁባቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ሆን ብለው ይደግሙታል። ጉልበታቸው ተሻላቸው። ባለቤቴ ይህን የሻወሩ ውጤት አደረገችው፤ እኔም አላስተባበልኩም።

ዝናቡ ማባራት ሲጀምር ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ጠራኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ያኔ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝ።

"ናፍጣ ፍለጋ ሰለቸኝ" አለ። "የኤሌክትሪክ ሞተር ላስገባ ነው። ማቀዝቀዣ ውሃ አይፈልግም። እማማን ምን ልበላቸው?"

"እኔ እነግራቸዋለሁ" አልኩ። "መጥፎ ዜና ማውራት ሥራዬ ነው።"

ማታ ነገርኳቸው፤ ሳላሳጥር፣ ሳላስረዝም። "እሺ" አሉ። ባለቤቴ ከጠረጴዛው ተነስታ ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ ሳህኖቹ የታጠቡ ነበሩ።

የናፍጣው ሞተር ተነቅሎ ሄደ። በርሜሉ ቀዘቀዘ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ከሰዓት ባለቤቴ ቢሮ ደወለችልኝ።

"ቦርሳው የለም።"

"አየሽው?"

"ምስማሩን ነው የማየው። ምስማሩ ብቻ ነው ያለው። እሷም የለችም።"

መናኸሪያ ሄድኩ። የማሻውን መኪና ረዳት ጠየቅሁ፤ አላየም። በአንድ ሰው ቃል ስለማልተማመን ትኬት ቆራጩንም ጠየቅሁ፤ ከዚያ ወደ ቴፒ የሚሄዱትን። የጠቆረ ነጠላ የለበሱ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት በሚል መግለጫ ብዙ እናቶች አሳዩኝ። አንዳቸውም የእኛ አልነበሩም። ላቤን እየጠረግሁ ወደ ሰፈር ተመለስኩ። በወፍጮ ቤቱ ደጅ ሳልፍ መብራት ጠፍቶ አዲሱ ሞተር ቆሟል። ባለ ወረፋዎቹ ግን አልተነሱም፤ ወፍጮው ዝም በማለቱ ወሬው ጥርት ብሎ ይሰማል።

አማቴ አግዳሚው ላይ መሃል ተቀምጠዋል። ቦርሳው እግራቸው ሥር ነው፤ ዚፑ እስኪጨነቅ ድረስ ሞልቷል።

"ምነው እንዲህ አላበህ?" አሉኝ።

"ከመናኸሪያ ነው የመጣሁት።"

"እንግዳ አለብን?"

"የለም።"

እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ቦርሳውን አዩ። ከጎናቸው ያለችው ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይስቃል።

"በቆሎ ነው" አሉ አማቴ። "የቤታችሁ ማዳበሪያ ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ ይሄ ደህና ዚፕ አለው።"

"ልብስዎስ?"

"ልብስ የት ይቀመጣል? ቁም ሳጥን ውስጥ ነዋ።" ነጠላቸው ላይ የተቀመጠውን ዱቄት አራገፉ። "ይልቅ እዚህ አትገተር፤ መብራት ሲመጣ ተረኛዋ እኔ ነኝ። ሂድና ከሰል አቀጣጥለህ ውሃ ጣድልኝ። ስመለስ ልታጠብ፣ ዱቄት በዱቄት ሆኛለሁ።"

እኛ ቤት በቆዩበት ጊዜ ሁሉ ውሃ አሙቁልኝ ብለው አያውቁም። ሄጄ ጣድኩላቸው።