ዝናብ የበተነው ገበያ

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ እሸት ባቄላ መፈልፈል ነበር። እሱ አልጋው ላይ ተደግፎ፣ እኔ ከግርጌው ተቀምጬ፣ ሳህኑን መሐላችን አድርገን ስንፈለፍል፣ ባቄላውን እየተወ በጥፍሩ የአልጋውን ብረት ይቧጭር ጀመር። ዓይኑ ከበሩ አይነቀልም። ሐኪሙ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ይችላል ካለ ሳምንት አልፎታል፤ እኔ ግን የደባርቅን ንፋስ ፈርቼ፣ ዛሬ ደመና ነው፣ ዛሬ ብርድ ነው እያልኩ አቆየሁት። «አንቺ ልጅ» አለኝ እየሳቀ፣ «አሁንም ዝናብ የበተነውን ገበያ አልቆጥርም እያልሽ ነው?» እኔም ሳቅሁ። ነገ አወጣሃለሁ አልኩት።

ያ የጥፍር ድምፅ ግን ከቤቱ አልወጣም። ዕቃ ሳጥብም፣ ጋደም ስልም ይመጣል፤ በመጣ ቁጥርም ዳባት ወደነበረው የአባቴ የእህል መጋዘን፣ ወደ ቆርቆሮው መዝጊያ ይወስደኛል።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ተሸካሚዎች ከጭነት መኪና ኩንታል ሲያወርዱ፣ አንዱ ጆንያ አምልጧቸው፣ አይጥ ፍለጋ ከመጋዘናችን የማትጠፋ ባለቤት የሌላት ግራጫ ድመት ላይ ወድቆ የኋላ እግሯን ሰበረው። አባቴም፣ «የሰበራት የእኛ ጆንያ ስለሆነ አላህ ይጠይቀናል» ብሎ አያ ደሴን አስጠራ። አያ ደሴ ከጃናሞራ ገብስ በበቅሎ ጭነው የሚመጡ፣ የሰውም የፍየልም አጥንት የሚጠግኑ ሽማግሌ ወጌሻ ነበሩ። ሸምበቆ ሰንጥቀው፣ እግሯን አቃንተው በጨርቅ ሲያስሩ ክንዳቸውን ነክሳ አደማቻቸው፤ እሳቸው ግን እስኪጨርሱ እጃቸውን አላነሱም። «ሦስት ገበያ ሲያልፍ ፍቺያት፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንዳታሳድሪ» አሉኝ።

ክረምቱን ሙሉ በረጅም ሲባጎ ታስራ መጋዘን ውስጥ ከረመች። ወተት ሳቀርብላት እስክወጣ ጠብቃ ትጠጣ ነበር እንጂ ፊቴ አትቀምስም ነበር። ከንጋት ጀምሮ ሸምበቆውን እየጎተተች ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለስ፣ ቆርቆሮውን ትቧጭር፣ በምስማር ቀዳዳ ወደ ውጭ ታይ ነበር። እኔም አላረፍኩም፤ ቁርአን ቤት ተቀምጬ ልቤ እሷ ጋ ይሆንና፣ ስንለቀቅ ጭቃውን እየረገጥኩ ሮጬ መኖሯን ሳላይ ምሳ አልበላም ነበር። እናቴ፣ ወህኒ ጠባቂ ሆነሽ አረፍሽው፣ እሷስ የማንን በግ በልታ ነው የታሰረችው፣ እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

ሦስተኛው ገበያ ደረሰ። የዚያን ቀን ከረፋዱ በረዶ ወርዶ ገበያተኛውን በየጥጉ በተነው። አባቴ እንዲህ በሆነ ጊዜ «ዝናብ የበተነው ገበያ አይቆጠርም» እያለ ቀጠሮውን ሁሉ ወደሚቀጥለው ያሸጋግር ነበር። ማታ ድመቷን ፈታሻት ወይ ሲለኝ ይህንኑ ቃል መለስኩለት። በገዛ ቃሉ ተይዞ ሳቀና ተወኝ። የሚቀጥለውንም ዝናብ በተነው፤ ከዚያ ወዲያ ያካፋበትን ሁሉ አልቆጥርም አልኩ። መንገዳቸው ላይ ያለው ወንዝ ሞልቶ አያ ደሴም አልመጡም። ሦስቱ ገበያ ከአሥር በላይ ሆነ።

መስከረም ላይ ወንዙ ሲጎድል መጡ። ከአባቴ ጋር ሰላምታ ሳይጨርሱ የቆርቆሮውን ድምፅ ሰሙ፤ ወደኔ አየት አድርገው ገቡ፣ ሲባጎውን ቆርጠው ሸምበቆውን ፈቱ። እግሯ ግን ሸምበቆው አሁንም እንዳለበት ሁሉ ቀጥ ብሎ ቀረ። አጥንቱ ገጥሟል፣ ጉልበቱ ግን አይታጠፍም። ቅቤ ቀብተው ብዙ አሹት። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ አጥንት እኮ ገበያ አይቆጥርም» አሉ። አባቴ መሬት መሬት ያይ ነበር።

በሩ ሲከፈት ደፉ ላይ ቆም ብላ የምታየኝ መስሎኝ ነበር። እግሯን እየጎተተች፣ በአያ ደሴ በቅሎዎች መሐል ሾልካ ሄደች።

ገብስ በሚወቃበት ሰሞን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የድንጋይ አጥር ላይ አየኋት። አይጥ ብቅ አለ፣ ዘለለች፣ እግሯ ወደኋላ ቀረባትና ወደቀች። ተነስታ ያንን ደረቅ እግር ትልሰው ጀመር። ስጠራት በወዲያኛው በኩል ወረደች። ይህን እስካገባ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም፤ የነገርኩት ለባለቤቴ ብቻ ነበር።

ባቄላ በፈለፈልን ማግሥት ደመና ነበር። በሦስተኛው ቀን ከበሩ የወጣው በሰው ትከሻ ነው። ልጆቼ፣ እማ፣ ደህና አድርገሽ አስታመምሽው ይሉኛል። እውነት ነው፣ አስታምሜዋለሁ። ያኔ ልጅ ናት ተብሎ ታለፈልኝ፤ ዛሬ ግን ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ያቆየሁትን ቀን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ፤ ደመናውንም ብርዱንም።

አሁን ሲነጋ ተነስቼ በሩን እከፍትና መዝጊያውን በድንጋይ አስደግፈዋለሁ። ብርዱ ይገባል። እስኪመሽ አልዘጋውም።