ጣሪያ ሲንጠራራ

ጣሪያ ሠሪውንና ሚስቱን እንጨት መሸጫው በር ላይ ባላገኛቸው ኖሮ ይህን ታሪክ አልሰማም ነበር። እሱ የተደረደረውን እንጨት በመዶሻ ጀርባ ያንኳኳል፤ እሷ ጆሮዋን ታስጠጋለች። «ይሄ ድምፁ ልፍስፍስ ነው» አለች። «እሺ፣ ሌላ» አለና መለሰው። ሻጩ ፊቱን ሲያጠቁር ሚስትየዋ ሳቀችና ነገሩን ከሥሩ ጀመረችልኝ፤ እሱም የጎደለውን እየሞላ ተከተላት።

በሰፈሩ «ሐኪሙ» ነው የሚሉት። ጣሪያዬ ይጮሃል ያለ ሁሉ ይጠራዋል። ክፍሉ መሃል ይቆማል፣ አንገቱን ዘመም ያደርጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ ይፈርዳል። አብዛኛው ፍርዱ «ተኙ» ነው። ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው ይንጠራራል፣ ሲመሽ ይኮማተራል፣ በዚህ መሃል ጧ ጧ ይላል። ንፋስ ሲነሳ የሚንኳኳ ከሆነ ምስማር ላልቷል፤ ያናድዳል እንጂ አይገድልም። የሚቧጭር ከሆነ ድመት ነው፤ «ለድመት እኔን ምን አስጠራኝ?» ይላል። የሚፈራው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፦ ፀሐይም ንፋስም በሌለበት ከእንጨቱ ሆድ የሚወጣ ሲጢጥታ።

ዕድሜ ልኩን ቆርቆሮ ላይ መዶሻ ሲያሳርፍ የኖረ ሰው ጆሮ ግን እንደነበረ አይቀርም። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋበት፤ ቀጥሎ የሬዲዮ ዜና። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ደንበኞቹ ቤት እየሄደ አንገቱን ማዝመሙን ቀጠለ፤ በግምት «ተኙ» ይላቸው ነበር።

ሴት ልጁ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ወላጆቿ ቤት መጣች። የኋላው ክፍል ሞቅ ስለሚል እዚያ አስተኟት። ብዙም ሳትቆይ፣

«አባዬ፣ ይሄ ጣሪያ ይጮሃል» አለችው።

«ቆርቆሮ ነው፣ ይንጠራራል።»

በነጋታውም ደገመችው። «ይንጠራራል አልኩሽ እኮ!»

ሚስቱ የሕፃኑን ጨርቅ እያጣጠፈች፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ሰማዩ ደመና፣ ንፋስ የሚባል የለ፣ ምን አግኝቶ ነው የሚንጠራራው?» አለች።

ነገሩ ክብሩን ነካው። ክፍሉ መሃል ቆመ፣ አንገቱን አዘመመ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሕፃኑ ተኝቷል፤ ቤቱ ጭጭ ብሏል።

«አሁን ሰማኸው?» አለች ሚስቱ።

«ሰማሁት። ቆርቆሮው ነው።»

«ምንም አልጮኸም እኮ!»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት፤ የአባቷን ፊት ስታይ ዋጥ አደረገችው። ሚስቱም፣ «እኔኮ ስጠራህ ዝም የምትለኝ ኩራት መስሎኝ...» ብላ አቋረጠች።

እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ «እንዴት ነው የሚለው?» አላት ሚስቱን።

«ምኑ?»

«ጣሪያው ነዋ። በአፍሽ አውጪልኝ።»

«አብደሃል? እኔ ጣሪያ ነኝ?»

«አውጪልኝ አልኩሽ፣ ጠጋ ብለሽ።»

ጆሮው ሥር ጎንበስ ብላ፣ ከንፈሯን አሹላ፣ «ሲ...ጢጥ» አለች።

«ይረዝማል?»

«ይረዝማል። መጨረሻው ላይ ቀጭ ይላል።»

«በየት በኩል?»

«ከበሩ በላይ።»

ተነስቶ በሩን ሊዘጋው ገፋ ቢያደርገው መሃል ላይ ተያዘ።

«ይሄ ከመቼ ወዲህ ነው እምቢ ያለው?»

«እኔማ ከመጣሁ ጀምሮ በትከሻዬ ነው የምዘጋው» አለች ልጁ። «ዝናብ ያሳበጠው መስሎኝ።»

«ልጅሽን ይዘሽ ውጪ። አልጋውን ተይው፣ ውጪ!»

ኮርኒሱን ሲቀደው ከበሩ በላይ ያለው ወራጅ፣ ጣሪያውን የተሸከመው እንጨት፣ በምስማር ቀዳዳ በገባ ውሃ በስብሷል። ግማሹ እንደ ደረቅ ዳቦ በጣት ይፈረፈራል፤ የቀረው ተሰንጥቆ ጎብጧል። ሸክሙን የበሩ መቃን ላይ ጥሎታል። ከሥሩ ቋሚ እንጨት አስደግፎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ «ተኙ» ያላቸውን ሰዎች ቤት ይዞራል፤ ሚስቱን አስከትሎ። እስካሁን የባሰ አላገኘም። አንዲት ደንበኛ «ሐኪሙ ነርስ ቀጠረ» ብላ ብትቀልድ፣ ሚስቱ «ሐኪሟ እኔ ነኝ፤ እሱ መሰላል ተሸካሚ ነው» ብላ መለሰችላት።

አዲሱን ወራጅ መርጠው ሊሄዱ ሲሉ፣ የእኔም ቤት ጣሪያ አመሻሽ ላይ እንደሚጮህ ነገርኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ መድገም ነበረብኝ።

«ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብቻ ከሆነ ቆርቆሮ ነው» አለ፣ እንጨቱን ትከሻው ላይ እያመቻቸ። «ለማንኛውም መጥተን እናየዋለን። ‹ሰማሁት› ካልኩህ ግን አትመነኝ፤ እሷን ጠይቅ።»