ሠላሳው የባቄላ ፍሬ

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ምሳ ጠርታኝ ልጇ ፊት ታመሰግነኝ ጀመር። «እኚህን እናት አየሽ? በዚህ ዕድሜያቸው በገናቸውን ሳይነኩ የዋሉበት ቀን የለም። ጥሩ አባት ያሳደጋቸው ናቸው» አለቻት። ስለ አባቴ ያለችው እውነት ነው። ስለ እኔ ያለችው ግን አላስበላ አለኝና የተልባ ፍትፍቱን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ያደግሁት አንኮበር ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ። አባቴ በገና ደርዳሪ ነበረ። በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ወይዘሮ አስካለ ከሚባሉ ባለጸጋ እመቤት ቤት እየሄደ ይደረድራል፤ የምንኖርበት ቤትና የገብስ መሬታችንም ለዚሁ አገልግሎቱ የተሰጡት ነበሩ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ግን ቁርጥማት የግራ እጁን ጣቶች አኮማተረበት። በገና ደግሞ የሚደረደረው በግራ እጅ ነው። ወንድ ልጅ ስላልነበረው «ሴት ልጄ ትተካኝ» ብሎ እመቤቲቱን ለመናቸው። «የደብረ ዘይት ዕለት አምጣትና ልስማት» አሉት።

ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ አንድ መዝሙር ያስጠናኝ ጀመር። መዝሙሩ አንድ አስቸጋሪ ስንኝ አለው፤ ጣት ከዳር አውታር ተነሥቶ ወደ መካከል የሚዘልበት። አባቴ በየማለዳው ሠላሳ የባቄላ ፍሬ በሙዳይ አድርጎ ፊቴ ያስቀምጣል። ያቺን ስንኝ አንድ ጊዜ በደረደርኩ ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ሌላው ሙዳይ ማዛወር ነው፤ ሠላሳው ሳያልቅ መነሣት የለም። እሱ ግን አጠገቤ አይቀመጥም። «እኔ ካለሁ ለእኔ ብለሽ ነው የምትደረድሪው» ይልና ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ይሄዳል።

የመጀመሪያውን ሳምንት በታማኝነት ቆጠርኩ። የአንኮበር ጉም እስከ ደጃፋችን ይገባል፤ ጣቶቼ በብርድ ይደነዝዛሉ። ጆሮዬ ፈጣን ስለነበረ፣ አንዴ የሰማሁትን ስለማልረሳ፣ መዝሙሩን የቻልኩት መሰለኝ። ጣት እንደ ጆሮ ቶሎ እንደማይማር አባቴ ነግሮኝ ነበር፤ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። በሁለተኛው ሳምንት አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ እደረድርና የቀረውን ባቄላ ወደ ሌላው ሙዳይ ገልብጬ እወጣለሁ። ከጓደኛዬ ከዘነበች ጋር ከመንገዱ በላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ከአልዩ አምባ ገበያ ጨውና ጥጥ ጭነው ዳገቱን የሚወጡትን በቅሎዎች እናያለን። ጾሙ ሲገባ የማለዳው ቆሎ ቀረ እንጂ መሄዴ አልቀረም። አባቴ ሲመለስ ሙዳዩን አይቶ «ጎበዝ» ይለኛል።

የደብረ ዘይት ዕለት እመቤቲቱ ፊት ቀረብኩ። ሁለት ቀሳውስትም ተቀምጠው ነበር። አጀማመሬ አማረ፤ ቀሳውስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያቺ ስንኝ ስትደርስ ጣቴ ሌላ አውታር ነካ። ከመግቢያው ጀመርኩ፤ አሁንም ሳተ። በሦስተኛውም ያው ሆነ።

«ይበቃሻል ልጄ» አሉኝ እመቤቲቱ በለሆሳስ። ወደ አባቴ ዞረው «አንተ፣ መች አስተምረሃት ነው ያመጣኻት?» አሉት።

አባቴ ነጠላውን አደግድጎ እጅ ነሣ። «ጥፋቱ የእኔ ነው እመቤቴ። በደንብ ሳላስጠናት ቸኩዬ ነው ያመጣኋት።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ቁልቁለቱን ስንወርድ በገናውን የያዘው እሱ ነው። ግማሽ መንገድ እንደወረድን ቆመና «ሠላሳ አንሶሽ ነው» አለኝ። «ሃምሳ ማድረግ ነበረብኝ። አይደል?»

«አዎ አባዬ» አልኩት።

ከፋሲካ በኋላ እመቤቲቱ ሌላ ደርዳሪ አስመጡ፤ ቤቱንም መሬቱንም ያገኘው እሱ ሆነ። እኛ ጫጫ ወዳሉት የአባቴ ዘመዶች ሄደን ተጠጋን። እዚያ ማንም ሳያዘኝ በየማለዳው ሃምሳ እቆጥር ጀመር፤ አንድም ቀን አላጓደልኩም። ሰው ትጋት የሚለው የተጀመረው በዚህ ዓይነት ነው። በዓመቱ ያቺ ስንኝ ያለ ሐሳብ ከጣቴ ትወርድ ነበር፤ የሚሰማት እመቤት ግን አልነበረችም። ልጃቸውን እንዲያስተምርላቸው የሚለምኑትን ሁሉ አባቴ «እኔ መደርደር እንጂ ማስተማር አልችልበትም» እያለ ይመልሳቸዋል። ጫጫ በገባን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሞተ።

ዛሬ የጣቴ መሳት አይቆጨኝም፤ የማንም ጣት ይስታል። የሚቆጨኝ ያ «አዎ» ነው። አባቴ አውቆ ጠይቆኝ ከሆነ፣ እውነቱን እንድነግረው ዕድል ሰጥቶኝ እኔ ነኝ ያልተቀበልኩት። ሳያውቅ ጠይቆኝም ከሆነ፣ የእኔን ስንፍና የራሱ ጉድለት አድርጎ ይዞት ተቀበረ። ከሁለቱ የትኛው ቢሆን እንደሚሻለኝ ዕድሜዬን ሙሉ አሰብኩበት፤ የሚሻል አላገኘሁም።