መኪና ለማይስማማት እህት የተቀረጸ መንገድ

ስልኩ ሲጮህ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። እጄን በሽርጤ ጠራርጌ አነሳሁት። እንቁላሌ ነው። እንቁላሌ የምንለው ታላቅ እህቴን ከቦታ ቦታ የሚያዞራትን የሚኒባስ ሾፌር ነው። ሲነዳም ሲያወራም አይቸኩልም። መጀመሪያ ደህንነቴን ጠየቀኝ፤ ቀጥሎ የባለቤቴን፤ ቀጥሎ የጉልበቴን።

‹‹እትዬን አቅርብልኝ እስቲ›› አልኩት።

‹‹ምሳ በልተው ትንሽ ጋደም ልበል ብለው ገቡ›› አለ። ‹‹ሻይ ደርሷል ብዬ ባንኳኳ፣ ባንኳኳ... እናቴ፣ አጠገብዎ ሰው አለ?››

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ፊቴን እያየ ነበር። አለ፣ አልኩት። ያኔ ነገረኝ። ሐኪም ጠርተው እንደነበርና፣ ሐኪሙም በእንቅልፍ ላይ እንዳለች ልቧ ቀጥ ብሎ ነው እንዳለ ነገረኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ዘጋሁ። ሽንኩርቱን ማን እንዳነሳው አላስታውስም።

ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ፣ ሁሉም ታጋሽ ይሆናል። እህቴ ደግ ነበረች። ታጋሽ ግን አልነበረችም፤ ዛሬ ታጋሽ ነበረች ብዬ ብጽፍ ከመቃብር ተነስታ የምታርመኝ ይመስለኛል። በምትሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ‹‹ሞተሯ›› ይሏት ነበር። እንፋሎት በሚትጎለጎልበት ምድር ቤት ቆማ ዕድሜዋን ሙሉ የእንግዳ አንሶላ ተኮሰች። ምሳዋን ቆማ ትበላለች። ሻይ ሳይበርድ ትጠጣና ምላሴን አቃጠልከኝ ብላ ሻዩን ትሰድባለች። አብረን ገበያ ስንሄድ ቀድማን ትደርስና ለምን እንደዘገየን ልትጠይቀን ተመልሳ ትመጣለች።

ካሜራዋን ያገኘችው እዚያው ማጠቢያ ውስጥ ነው። አንድ ቀን የእንግዳ ሱሪ ከማጠቢያ መኪናው ጋር እየተሽከረከረ ቋ፣ ቋ የሚል ነገር ሰማች። ድንጋይ መስሏት እንግዳውን ረገመች። ሱሪው ወጥቶ ኪሱ ሲፈተሽ የክብሪት ቀፎ የምታህል ካሜራ ተገኘች፤ እነዚያ ዋናተኞችና ብስክሌተኞች ግንባራቸው ላይ የሚያስሯት ዓይነት። በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥባ፣ ተጨምቃ ወጥታ፣ ቁልፏን ቢጫኗት ጢጥ አለች። ሆቴሉ ለባለቤትየው ጻፈለት። እሱም ‹‹ሌላ ገዝቻለሁ፤ ያጠባት ሰው ይውሰዳት›› ብሎ መለሰ።

‹‹እስከ ዛሬ ካጠብኩት ዕቃ ሁሉ ያልተጨማደደ እሷ ብቻ ናት›› ትል ነበር እህቴ።

ጡረታ ስትወጣ አንድ ነገር ወሰነች። የዓለምን ሕዝብ አንሶላ ተኩሳ እሷ ራሷ ከከተማችን ወጥታ አታውቅም ነበርና አገር ማየት አማራት። ደግሞም ብቻዋን አይደለም፤ ከእኔ ጋር። ችግሩ ይኸው ነው። እኔን መኪና አይስማማኝም። አይስማማኝም ስል እንደ ሌላው ሰው ትንሽ ያጥወለውለኛል ማለቴ አይደለም። ልጅ ሆነን አጎታችን በአውቶቡስ ሊወስዱን ተነስተው፣ ገና የከተማውን የመጨረሻ ቤት ሳናልፍ አዲሱን ባርኔጣቸውን ገልብጠው አቀረቡልኝ። ባርኔጣው አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ የእኔ አገር እግሬ የሚያደርሰኝ ድረስ ነው፤ ዳቦ ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ ገበያው፣ ልብስ የምጠግንበት የራሴ ሳሎን።

‹‹እንግዲያው ቁጭ በይ፣ አመጣልሻለሁ›› አለችኝ፤ ከገበያ ቲማቲም እንደምታመጣ ሰው።

የመጀመሪያውን ጉዞዋን ይዛ የመጣች ዕለት ሳሎናችን እንደ ሲኒማ ቤት ሆነ። ባለቤቴ መጋረጃውን ዘጋ። ካሜራዋ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተገናኘች። እኔ መሀል ተቀመጥኩ። እህቴ ካሜራዋን ግንባሯ ላይ አስራ ነበር የቀረጸችው። እህቴ ደግሞ አላፊ አግዳሚውን ሰላም የምትል፣ ሰላም ያላትንም ሰው ዘወር ብላ እስኪጠፋ የምታይ ናት። ስክሪኑ ላይ ሰማይ መጣ፣ መሬት መጣ፣ የሰው ጫማ መጣ፣ እንደገና ሰማይ መጣ።

‹‹እትዬ፣ አቁሚው!››

‹‹ምን ሆንሽ?››

‹‹አጥወለወለኝ!››

‹‹አንቺ ልጅ፣ ገና ከመናኸሪያ አልወጣንም እኮ!››

ባለቤቴ ሳፋ ሊያመጣ ሮጠ። እየሮጠም ይስቃል። ‹‹ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ መኪና ሲያመው በዓይኔ አየሁ!››

እሷ ግን አልሳቀችም። ገመዱን ነቀለች፣ ካሜራዋን ጠቀለለች። ‹‹እስከ መጨረሻው የምታዪው አንድ ጉዞ ሳልሠራ አልሞትም›› አለች። እንደ ዋዛ ነው የተናገረችው። ሥራዋ አድርጋ የያዘችው ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው።

ሁለተኛውን ጉዞ ካሜራዋን ደረቷ ላይ አስራ ቀረጸችው። ዳገት ስትወጣ ስክሪኑ ከእሷ ጋር ይተነፍሳል። ቪዲዮው ላይ እስካለው ድልድይ ደረስኩና ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። ሰፈሩ ሁሉ ወሬውን ሰምቶ ስለነበር ዳቦ ቤት ስሄድ ‹‹ዛሬስ የት ደረሱ?›› ይሉኝ ጀመር። ድልድዩ ጋ፣ እላለሁ። ‹‹ጎበዝ! ከመናኸሪያው ይሻላል።››

ከዚያ ደግሞ ባለቤቴ እንዲያይልኝ ተስማማን። እኔ መኝታ ቤት ተጋድሜ፣ በሩ ተከፍቶ፣ እሱ ሳሎን ሆኖ ይተርክልኛል። ባለቤቴ ብዙ መልካም ነገር አለው፤ መተረክ ግን አልተሰጠውም።

‹‹ምን ይታያል?››

‹‹ተራራ።››

‹‹እሺ፣ ከዚያስ?››

‹‹ሌላ ተራራ።››

‹‹ምን ይመስላል?››

‹‹ያንን የፊተኛውን።››

እህቴ ከወንበሯ ብድግ አለች። ‹‹አንተ ሰውዬ፣ እኔ ለዚያ ተራራ ጫማዬን ጨርሻለሁ፤ አንተ አንድ ቃል ትሰስትለታለህ?››

‹‹እትዬ፣ ተራራ ከተራራ ምኑ ይለያል? ልዩነት ካለው እሱ ራሱ ይናገር።››

እሷም ጥፋቱ የተራራውም የተራኪውም እንዳልሆነ ገባት። ጥፋቱ ጥድፊያዋ ነው። ስለዚህ ቀስ ማለትን ትማር ጀመር። በዚያ ዕድሜዋ ማለት ነው። ጢም ብሎ የሞላ የውኃ ብርጭቆ ትይዝና ከኩሽና ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ኩሽና ትመላለሳለች። ውኃው ካልተደፋ ካሜራዋም አትነቃነቅም፣ የሚል ሐሳብ ነው።

‹‹እትዬ፣ ምንጣፉ ጠጥቶ ጠገበ እኮ!›› ይላታል ባለቤቴ።

‹‹ዝም በል፣ እየተማርኩ ነው!›› ትላለች፤ ለሱ መልስ ስትሰጥ ደግሞ ቀሪው ይደፋል።

ሾፌሩንም ያገኘችው በዚሁ ሰበብ ነው። መናኸሪያ ሄዳ መሀል ቆመች። ‹‹ከመሀላችሁ ቀርፋፋው ሾፌር ማነው?›› ብላ ጮኸች። ሳቅ ሆነ። ረዳቱም፣ ሾፌሩም፣ ማስቲካ ሻጩም ጣቱን ወደ አንድ ሰው ቀሰረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው ብለው ለሰውየው እንቁላሌ የሚል ስም አውጥተውለታል። ምስኪኑ ክስ የመጣበት መስሎት አንገቱን ደፍቶ ቀረበ።

‹‹እማማ፣ ምን አጠፋሁ?››

‹‹እማማ አትበለኝ። ጉድጓድ ሲያጋጥምህ ምን ታደርጋለህ?››

‹‹ቆሜ አየዋለሁ።››

‹‹ከዚያስ?››

‹‹ከየት በኩል እንደምሄድ አስባለሁ።››

‹‹አንተን ነው የምፈልገው›› አለችው። ኋላ እሱ ራሱ እንደነገረኝ፣ በቀርፋፋነቱ የተመሰገነው በዕድሜው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሞተሯን እህቴን አሳፍሮ በየአውራ ጎዳናው ያዘግም ጀመር። እሷ ከጎኑ ተቀምጣ ‹‹ቶሎ በል!›› ላለማለት ከንፈሯን ስትነክስ በጎን ዓይኑ ያያት ነበር አሉ። አንዳንዴ ግን ያመልጣታል። ቪዲዮው ውስጥ አህያ የጫነ ገበሬ ሲቀድማቸው ይታያል፤ ከካሜራዋ ኋላ ደግሞ የእህቴ ድምፅ፦ ‹‹ኧረ አህያው!›› ከዚያ ረጋ ብሎ፦ ‹‹ይለፍ። ይለፍ። የሚቸኩል ይለፍ።››

እኔ እስከ አህያው ደረስኩ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ጥፋቱ የእሷም የሾፌሩም አልነበረም፤ መንገድ መንገድ ነው፣ ይታጠፋል። እውነቱን ለመናገር ሳልችልም እንደቻልኩ ሆኜ ጥርሴን ነክሼ የተቀመጥኩበት ጊዜ ነበር። ፊቴን ስታይ ግን አትሸወድም። አንሶላ ላይ ያለች ቅንጣት እድፍ ከክፍሉ ማዶ ሆና የምታይ ሴት ናት፤ የእህቷ ፊት ሲገረጣ አይታ ቪዲዮውን ታጠፋዋለች።

አንድ ጊዜ ግን ተሳካ። ካሜራዋን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ እሷ ፊት ለፊቷ ሌላ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ከኋላዋ ሸለቆ አለ፤ ከሸለቆው ማዶ ገደል፤ ገደሉ ላይ የጠዋት ፀሐይ። ምንም የሚነቃነቅ የለም፣ ከእሷ በቀር። አንዴ ጉልበቷን ታካለች። አንዴ ነጠላዋን ታስተካክላለች። አንዴ ወደ ካሜራዋ ጠጋ ትልና በአንድ ዓይኗ ታይበታለች፤ ስክሪኑን የእህቴ አፍንጫ ይሞላዋል። ‹‹እያየሽ ነው? አላዞረሽም? ገደሉን እዪ፣ እኔን ምን ታዪኛለሽ!›› ትላለች፤ ገደሉን ሙሉ በሙሉ ሸፍና። እስከ መጨረሻው አየሁት። አጨበጨብን። ባለቤቴ ቆሞ አጨበጨበ።

እሷ ግን አልረካችም። ‹‹ይሄማ ፎቶግራፍ ነው›› አለች። ‹‹ግድግዳ ላይ የሚሰቀል። ሄድሽ እንዴ? አልሄድሽም። እኔ የምፈልገው አንቺ እንድትሄጂ ነው።››

‹‹እትዬ፣ እኔ እዚሁ ደህና ነኝ።››

‹‹ደህና መሆንሽን ማን ጠየቀሽ?››

የሐይቁን ሐሳብ ያመጣችው ከዚህ ተነስታ ነው። እየሄደ የማይነቃነቅ ነገር ምን አለ ብላ ስታስብ ከርማ፣ ጀልባ ነው አለች። ሞተር ያለው ሳይሆን በመቅዘፊያ የሚሄድ፤ በጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ውኃው እንደተተኮሰ አንሶላ ተዘርግቶ እያለ። ከእንቁላሌ ጋር ሄደች። ሐይቁ ዳር ካለ ማረፊያ ቤት ማታ ደወለችልኝ።

‹‹አንቺ ልጅ፣ ነገ ነው። ቀዛፊውን ሳያንጫጫ እንዲቀዝፍ አስምዬዋለሁ። ይሄን ካላየሽ ካሜራዋን ሐይቁ ውስጥ ነው የምጥላት።››

‹‹እሷማ መታጠብ ትወዳለች›› አልኳት።

ሳቋ ረዘመ። ከዚያ ‹‹እራትሽን ብዪ›› ብላኝ ዘጋችው።

ቀሪውን የነገረኝ እንቁላሌ ነው። ካሜራዋን በእህቴ ሻርፕ ጠቅልሎ ሲያመጣልኝ ሳሎን ተቀምጦ፣ በሱ ልክ፣ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ጀልባዋ ፊት ላይ ተቀምጣ ካሜራዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛት ነበር። ሐይቁን አቋርጠው እስኪመለሱ አንዴ እንኳ አልተነሳችም። ቀዛፊው የሚያውቀው ሰው ሰላም ሲላት እንኳ አንገቷን አላዞረችም።

‹‹እኔ እርሳቸው መሆናቸውን ተጠራጠርኩ›› አለኝ። ‹‹ስንመለስ እግራቸው ደንዝዞ እኔና ቀዛፊው ደግፈን አወረድናቸው። ‘አየህ፣ ቻልኩ’ አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ምሳቸውን ተቀምጠው በሉ። ከዚያ ነው ጋደም ልበል ያሉት።››

ሻዩን ጠጣ። መሄድ ፈልጎ መነሳት አልቻለም መሰለኝ፤ ባለቤቴ እስከ መኪናው ሸኘው።

የሐይቁን ቪዲዮ ባለቤቴ መጀመሪያ ብቻውን አየው። ደህና ከሆነ ላሳይሽ ብሎ ነው። ሲወጣ ‹‹አይነቃነቅም›› አለኝ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ልብስ ሊያስጠግን የመጣ ሰው ባልነበረበት ከሰዓት በኋላ፣ አብረን ተቀመጥን። ዳሩ ላይ ያለው ሸምበቆ ታየ። ጭጋጉ ታየ። ድምፅዋ ከካሜራዋ ኋላ፣ እንደማላውቀው ሰው ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ፦

‹‹ጀመርን እንግዲህ። ካዞረሽ ተናገሪ፣ እንደ ልማድሽ ጥርስሽን አትንከሺ።››

ጀልባዋ ከዳር ተንቀሳቀሰች። ሸምበቆው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሄደ። አላዞረኝም። ውኃው ፊቴ ተከፍቶ ይመጣ ነበር፤ እኔም እየሄድኩ ነበር።

‹‹አቁመው›› አልኩት።

ባለቤቴ አቆመው።

ጀልባዋ ከዳር ብዙም አልራቀችም። የሐይቁን መሀል፣ ማዶውንና መመለሻውን ገና አላየሁም፤ እሱ ካለቀ ሌላ ጉዞ የምታመጣልኝ የለችም።