የአፍ እንጂ የሆድ አትተርጉሚ

ስሟን የሚጠራት ሰው የለም። ካምፑ ውስጥ ከትልቁ እስከ ትንሹ አስተርጓሚዋ ይላታል፤ ቤት ደግሞ ወንድሟ እታለም ይላታል፤ ሁለቱ ይበቋታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቷ ቶሎ የማይፈታ ሴት ናት። ስትናደድ አትጮኽም። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላለች። በዚያ ዓመት ያ መነጽር ተወልውሎ ተወልውሎ ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

ወንድሟ የሠራዊቱ ሾፌር ነው። ትከሻው በር የሚሞላ ጎረምሳ ሆኖም ለእሷ ያው ማሙሽ ነው። እናታቸው ስትሞት የወተት ጥርሱን ገና አልነቀለም ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ባለጌ እንዳይሆንባት ፈርታ ከሁሉ በፊት ያስተማረችው አንድ ቃል ነው። ትልቅ ሰው ሲያዝህ እሺ በል፣ አስተማሪ ሲቆጣህ እሺ በል፣ ጎረቤት ሲልክህ እሺ ብለህ ሩጥ፤ እሺ ይበልጣል ከሺ እያለች። ልጁም አላሳፈራትም፣ እሺ ባይ ሆኖ አደገ። እሺ ባይ ልጅ የትም ይወደዳል፤ ወታደር ቤትማ አይነገርም።

ታዲያ ሠራዊቱ ይዘምን ተባለና ከባሕር ማዶ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ተገዛ። አሮጌዎቹ እንደ ሽማግሌ እየሳሉም ቢሆን አገር ጠብቀው ነበር፤ ውለታቸው ተረስቶ ጓሮ ተጣሉ፣ ጎማቸው ሥር ሣር በቀለ። አዲሶቹ የገቡ ዕለት ግቢው ሠርግ ቤት መሰለ። ቀለማቸው ያብረቀርቃል፣ ወንበራቸው በላስቲክ እንደተሸፈነ ነው። ላስቲኩ ከሰልፉ ቀን በፊት እንዳይነሳ የሚል ትእዛዝም ወጣ፤ እንግዶች አዲስነቱን ይዩ ተብሎ። እንግዲህ እኛ እንደዚህ ነን። ሶፋ ገዝተን ላስቲኩን እያንኮሻኮሽን ዓመታት የምንቀመጥ፣ ሪሞት በፌስታል የምንጠቀልል ሰዎች ነን። ለሶፋ ይሁን፣ ማንንም አይገድልም። ሾፌሮቹ ግን በላስቲኩ ላይ ቂጣቸው እየተንሸራተተ መሪ ጨበጡ።

የዚህ ሁሉ አዛዥ ኮሎኔሉ ነበር። አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፣ ምላሴ እምቢ አለኝ።

ከብረቱ ጋር አሠልጣኝ መጣ። ፀሐይ ፊቱን ቲማቲም ያስመሰለችው፣ ደግ የሚመስል ሰው ነው። አንድ ነገር ተናግሮ በጨረሰ ቁጥር ኦኬ? ይላልና ወታደሮቹ ውለው ሳያድሩ ሚስተር ኦኬ የሚል ስም አወጡለት። እሷ ኦኬውን እሺ ብላ ትተረጉምላቸዋለች፣ እነሱም በአንድ ድምፅ እሺ ይላሉ። ሰውዬው ቃሉን ወደደው። ትንሽ ቆይቶ ራሱ እሺ? እያለ ይጠይቅ ጀመር፤ እነሱም እየሳቁ እሺ! ይሉታል። ከዚያ ወዲያ አስተርጓሚ ለምኑ።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። በሰውዬው አገር ኦኬ ያለ ሰው ገብቶታል ማለት ነው፤ ያልገባው እጁን አውጥቶ አልገባኝም ይላል፣ ማንም አይቀየመውም። የኛ እሺ ግን ሆዱ ሰፊ ነው። መስማትም ነው፣ ማክበርም ነው፣ አንዳንዴም በቃ ተወኝና ልሂድ ነው። ነገ ና ስትለው እሺ ያለህ ሰው ነገ እንደማይመጣ እሱም ያውቃል፣ አንተም ታውቃለህ፣ ወዳጅነታችሁ ግን አይቋረጥም። አስተማሪ ፊት ቆሞ አልገባኝም ማለትማ ማስረዳት አትችልም ብሎ መሳደብ ይመስለናል። ከዚህ ሁሉ ጎልማሳ መሃል ሰውን በአደባባይ የሚያሳፍር ባለጌ አልተገኘም።

ትልቁ ነገር ፍሬኑ ነበር። በአሮጌዎቹ ዳገት ላይ ስትቆም መጀመሪያ ሞተር ታጠፋለህ፤ ማርሹ ራሱ ይይዝልሃል። የአዲሶቹ ተቃራኒው ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑም አብሮ ይሞታል፤ ስለዚህ ከማጥፋትህ በፊት ከወንበሩ ጎን ያለውን ቀይ እጀታ መሳብ አለብህ። ሚስተር ኦኬ ይኼን የነገራቸው ሜዳ ላይ ነው፣ ያውም በቃል። ዳገት ላይ አንድም ቀን አላወጣቸውም። እሷ ተረጎመች፤ እሱ እሺ? አለ፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበርና እሺታው ከወትሮው ይልቅ ደመቀ።

ቤት ሲገቡ ማሙሽን ፍሬኑ ገብቶህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱ ቡት ጫማውን እየፈታ፣ ያው እንደ ድሮዎቹ አይደል እንዴ አላት። ደግማ ደጋግማ አስረዳችው፤ እሺ አላት። ይኼን እሺታ ያስተማረችው ራሷ ስለሆነች ምን ማለት እንደሆነ ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እጅ ያልለመደው ብረት በወሬ ይለመዳል እንዴ?

በማግስቱ ለሚስተር ኦኬ ልጆቹ አልገባቸውም፣ እሺ ሲሉህ አትመናቸው፣ ዳገት አውጣቸው አለችው። ሰውዬው ደነገጠ፣ ጭንቅላቱን አከከ፣ አለቃችሁን ልጠይቅ አለ። ወዲያው ኮሎኔሉ ቢሮው አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ የአዲሱ ተሽከርካሪ ትንሽ አምሳያ ተቀምጧል፤ እያናገራት ጎማዋን በጣቱ ያሽከረክራል። ወታደሮቼን ደንቆሮ ናቸው ብለሽ ለባዕድ ታሳጪያለሽ ወይ አላት። አልገባቸውም ነው ያልኩት አለች። ታዲያ እሺ እያሉ አይደለም ወይ?

«ከአፋቸው እሺ ይውጣ እንጂ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ሌላ ነው፣ ጌታዬ።»

«የተቀጠርሽው ለአፍ ነው» አለ ኮሎኔሉ። «የአፍ እንጂ የሆድ አትተርጉሚ።»

ይሁን፣ እንግዲያው እጀታው ላይ እንኳ በኛ ፊደል ‘መጀመሪያ ይኼን ሳብ’ የሚል ወረቀት ልለጥፍ ብላ ለመነችው። አዲስ ዕቃ ላይ ወረቀት ተለጥፎ እንግዳ ቢያይ ምን ይላል ብሎ ከለከላት። መነጽሯን አውልቃ ወለወለች። ከዚያ ምን አለች መሰላችሁ? እሺ አለች። እሷም!

ከሰልፉ በፊት በነበረው ልምምድ ተሽከርካሪዎቹ ከገበያው ወደ አደባባዩ የሚወጣውን ዳገት ይዘው ተሰለፉ። አደባባዩ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ንግግር ሊሞክር ነበርና ጩኸቱ እንዳይረብሸው ሞተር አጥፉ የሚል ትእዛዝ በሬዲዮ መጣ። ከሁሉ ኋላ የቆመው ማሙሽ ከሁሉ ቀድሞ እሺ ብሎ አጠፋ። ያ ሁሉ ብረት አንዴ ቆም አለና ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ፍሬኑን ረገጠው፣ የለም። ወደ ጎን ዞሮ እጀታውን ሲፈልግ ላስቲኩ አንሸራተተው፣ ከወንበሩ ወረደ። ተሽከርካሪውን የያዘው ከዳገቱ ሥር ያለ የመጋዘን ግድግዳ ነው። በግድግዳውና በብረቱ መሃል ግን ከኋላ በእግሩ ሲከተል የነበረው ጓደኛው ነበረ፤ ያ ሳቂታው የሚሉት፣ ማሙሽ ቤት መጥቶ እታለምን እያሳቀ ምሳዋን የሚጨርስባት ልጅ። ሬሳውን ሲያወጡት ማሙሽን ለሁለት ይዘውት ነበር።

ሰልፉ አልቀረም። ምን ይቀራል! ግድግዳው ኖራ ተቀባ፣ ተሽከርካሪው ታጠበ፣ በሌላ ሾፌር አደባባዩን ዞረ፤ ሰዉም አጨበጨበ። ማሙሽ ግን ታሰረ። በአንድ ሾፌር ቸልተኝነት የሰው ሕይወት ጠፋ ተባለ። ጥፋተኛ ከሆነ ወጣትነቱ እስር ቤት ማለቁ ነው። እሷ በየቀኑ ምግብ ይዛ ትሄዳለች፤ ብላ ስትለው እሺ ይላታል፣ ሳህኑ ግን እንደሞላ ይመለስላታል። ጥርሷን ነክሳ ትመለሳለች። ቁጣዋ አንድ ጊዜ በኮሎኔሉ፣ አንድ ጊዜ በሻጮቹ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በዚያ ከሺ ይበልጣል በተባለው ቃል ላይ ነበር።

ጉዳዩን ለመስማት የመኮንኖቹ አዳራሽ ውስጥ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ ተዘረጋ። መሃል ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ኮሎኔሉ። ከሳሹም ዳኛውም እሱ። ሚስተር ኦኬ አገሩ ገብቷል፤ በሱ ፈንታ ሻጮቹ የላኩት፣ ሸሚዙ ያልተጨማደደ ወኪል ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ተቀምጧል። ከኋላ የሳቂታው አባት ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አሉ። ለወኪሉ የሚያስተረጉም ሰው ሲፈለግ ያው አስተርጓሚዋ ተጠራች። የማን እህት እንደሆነች ጠይቆ የሚያውቅ አለቃ አልነበረም።

ወኪሉ እኛ አሠልጥነናል፣ ማስረጃም አለን አለና በኮምፒዩተሩ የተቀረጸ ምስል አሳየ። ሚስተር ኦኬ ቀዩን እጀታ ይዞ ይናገራል፤ የሷ ድምፅ ከጎኑ ይተረጉማል፤ እሺ? ይላል፤ አዳራሹን የሚያናውጥ እሺ! ይመለስለታል። ከፊት ረድፍ ማሙሽና ሳቂታው ትከሻ ለትከሻ ቆመው ይስቃሉ። ሽማግሌው አባት ልጃቸውን ሲያዩ ኮፍያቸው ከጭናቸው ወደቀ፤ አላነሱትም።

ኮሎኔሉ ጉሮሮውን ጠረገ። እንግዲህ ሰምተሃል፣ ተምረሃል፣ ገብቶኛል ብለሃል፤ ጥፋቱ የራሴ ነው ብለህ ትፈርማለህ አለው። ማሙሽ ቀና ብሎ አላየም።

«እሺ ጌታዬ።»

ወኪሉ እስክሪብቶውን አንስቶ ወደሷ ዞረ። ኮሎኔሉ ተርጉሚለት አላት። መነጽሯን አወለቀች፣ ግን አልወለወለችም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በወኪሉ ቋንቋ ቀስ ብላ፣ ይኼ ልጅ አላመነም አለችው። እሺ የሚሉት ቃል የናንተ ኦኬ አይደለም፤ የበላይ ሲቆጣ አንገት የሚደፋበት ነው። ያኔም ያ ሁሉ ወታደር እሺ ሲላችሁ አልገባውም ነበር፣ ለአሠልጣኛችሁም ይኼንኑ ነግሬዋለሁ። ዳገት ሳታወጧቸው እንዴት አሠለጠንን ትላላችሁ?

ሰውዬው ፊቱ ቀላ። ጥፋት ወደሱ ስትመጣ ማን ዝም ይላል? እጁን እያወናጨፈ ተናገረ፣ ተናገረ። ኮሎኔሉ ምን አለ ብሎ ጠየቀ። እሷ ግን ወደ ኮሎኔሉ አልዞረችም። ወደ ሳቂታው አባት ዞራ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመች። የዳገቱ ትምህርት በውላችን ውስጥ ነበር ነው የሚለው። ትምህርቱ ይቅርብን ያላችሁ እናንተ ናችሁ ነው የሚለው። በትምህርቱ ፈንታ ተጨማሪ ተሽከርካሪ ስጡን፣ ለሰልፉም አድርሱልን ብሎ የጠየቀን ይኼ መሃል የተቀመጠው መኮንን ነው ነው የሚለው።

ኮሎኔሉ ከወንበሩ ተነሳ።

«ማን ይኼን ተርጉሚ አለሽ?»

«እርስዎ» አለችው። «የአፍ እንጂ የሆድ አትተርጉሚ ብለውኛል። ይኼ ከአፉ የወጣ ነው።»

ሽማግሌው አባት ተነሱ። እውነት ነው ወይ ልጄ ብለው ኮሎኔሉን ጠየቁት። ኮሎኔሉ ስለ አገር ምስጢር፣ ስለ ሥርዓት፣ ስለ ባዕድ ብዙ አወራ፤ እውነት አይደለም የሚለውን ግን አላለም። እሳቸውም ቆመው ከሰሙት በኋላ፣ ልጄን የገደለው ይኼ ልጅ አይደለም፣ በኔ ስም አትክሰሱት ብለው ኮፍያቸውን ሳያነሱ ወጡ።

ችሎቱ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ኮሎኔሉ ወንበሩ ላይ አለ፤ እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ቀን አይወድቅም። እሷን ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ አሏት። ማሙሽን ቀበቶውንና መለያውን ገፈው በዋስ ለቀቁት፣ ክሱ ግን ገና ነው። በአዲሶቹ ወንበሮች ላይ እስከ ዛሬ ላስቲኩ አለ ይላሉ፤ ኮሎኔሉ ይብላው!

ቤት ገቡ። ሾርባ አሙቃ ፊቱ አቀረበችለትና ብላ አለችው። እሺ አላት። ማንኪያው ካለበት አልተነሳም። ደግማ ብላ እንጂ አለችው፣ ደግሞ እሺ አላት። ንዴቱ ከየት እንደመጣባት አላወቀችም፤ ጠረጴዛውን በእጇ መታችው፣ ሾርባው ፈሰሰ።

«ማሙሽ፣ ሁለተኛ እሺ እንዳትለኝ። የማትበላ ከሆነ አልበላም በለኝ!»

ፊቷን አየ፣ የፈሰሰውን አየ። ሕፃን ሆኖ እንኳ ብሏት የማያውቀውን ነው ያላት።

«አልበላም» አለ። ከዚያ ጮኸ። «አልበላም፣ እታለም! ዳገት ላይ አጥፋ ሲሉኝ አላጠፋም ማለት ነበረብኝ!»

እንባው መጣ። አቀፈችው፣ ያ ሁሉ ትከሻ እቅፏ አልበቃው አለ። ሲረጋጋ ጠረጴዛውን ጠረገች፣ የተረፈውን ሾርባ ከደነችና በኋላ ከፈለገ እንዲበላው አስቀመጠችለት።